እንፋሎቱስ ነበረን

ለሚ ላይ ባቡር አልፎ አያውቅም። ሐዲድ የለም፣ ጣቢያ የለም፣ ትኬት ቆራጭም የለም። ለሚ ከሙከ ጡሪ ወደ ዓለም ከተማ በሚወስደው መንገድ፣ ወደ ጀማ ሸለቆ ቁልቁል ከመወረዱ በፊት የምትገኝ የእንሳሮ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። እንዲያም ሆኖ እዚያ ገብታችሁ አንዲት እናት የት እንዳሉ ስትጠይቁ «ባቡር ሄደዋል» ብትባሉ ግራ አይግባችሁ። እህላቸውን አስፈጭተው ይመለሳሉ። በሰሜን ሸዋ ገጠር ወፍጮው ባቡር ነው፣ ወፍጮ ቤቱም ባቡር ቤት ነው። በናፍጣ ሲሠራም ባቡር፣ በመብራት ሲሠራም ያው ባቡር።

ከተሜ ወዳጆቻችን በዚህ ይስቃሉ። «ገጠሬ የሚንኳኳውን ሁሉ ባቡር ይላል» ይላሉ። እኛ ግን ገጠሬው ከከተሜው ይልቅ ለቃሉ ይቀርባል ባዮች ነን። ባቡር ማለት በትውልዱ ሐዲድም ፉርጎም አይደለም። እንፋሎት ማለት ነው። ፈረንሳዮች «ቫፐር»፣ ጣሊያኖች «ቫፖሬ» የሚሉት ቃል በዓረብና በቱርክ አፍ «ባቡር» ሆኖ፣ በቀይ ባሕር ወደቦች በኩል እኛ ዘንድ ደረሰ። በየወደቡ መጀመሪያ በዚህ ስም የተጠራው በእንፋሎት የሚሄደው መርከብ ነበር። የእኛ ሰዎች ኋላ በሐዲድ ላይ የሚሄደውን ሲያዩ «ምድር ባቡር» ማለታቸው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ የባሕሩ ሌላ፣ የምድሩ ሌላ። እንግዲህ ለሚ ያሉት እናት «ባቡር ሄጄ ነበር» ሲሉ፣ ሳያውቁት ስለ እንፋሎት ሞተር እያወሩ ነው።

ይህን ሁሉ የምንተነትነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰሞኑን እርስ በርስ ስንከራከር ነበር። ክርክሩ ከቤት በወጣ ውዳቂ፣ ማለትም በጣሳ፣ በፍሪጅ ቱቦ፣ በቆርኪና በአሮጌ ቴፕ ሪከርደር ዕቃ ስለሚሠሩ ትንንሽ የእንፋሎት ሞተሮች ነው። በሌላው ዓለም ይህ የብዙ ጡረተኛና የብዙ ተማሪ መዝናኛ ነው። አንዱ ባልደረባችን «እኛ አገር እንፋሎት ከውጭ የመጣ ነገር ስለሆነ እንዲህ ያለ ባህል ሊኖረን አይችልም» ብሎ ደመደመ። ከመካከላችን አንዷ የለሚ ልጅ ናትና ዝም አላለችም። «አረቄውስ?» አለችው።

እስቲ አረቄውን እንየው።

ሰሜን ሸዋ አረቄ ሲወጣ ያላየ ልጅ አለ ለማለት ይከብደናል። ድፍድፉ ጋን ውስጥ ይገባል፤ ከሥሩ እሳት ይነዳል። የጋኑ አፍ በክዳን ይዘጋና ዙሪያው በጭቃ ይመረጋል፤ ትንፋሽ እንኳ እንዳይወጣ። ከክዳኑ መቃ ወይም የመዳብ ቱቦ ይወጣና ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደተዘፈዘፈው ማጠራቀሚያ ይገባል። እንፋሎቱ በቱቦው ይሄዳል፣ ሲበርድ ይንጠባጠባል። አውጪዋ እሳቱን ስታበዛ ጭቃው እንደሚሰነጠቅ፣ ውሃው ሲሞቅባት አረቄው እንደሚቀንስባት ታውቃለች። ማንም መሐንዲስ አላስተማራትም። ይህ እንግዲህ በመሐንዲስ ቋንቋ ሲነገር ቦይለር አለው፣ የእንፋሎት መስመር አለው፣ ማቀዝቀዣ አለው። ከሙሉ የእንፋሎት ሞተር የጎደለው መካከል ላይ የሚገፋ ነገር ብቻ ነው፤ ሲሊንደርና ፒስተን።

«ብቻ» ያልነው ቀሎብን አይደለም። ያቺን ጉድለት ለመሙላት ልኩን የጠበቀ ብረት ያስፈልጋል። ብረት ደግሞ ባለሙያ ይፈልጋል። የታሪካችን እግር የተሰናከለው እዚህ ላይ ይመስለናል፤ ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ግን ስለ ሞዴል አንድ ነገር እንበል።

ሞዴል የልጅ መጫወቻ ነው የሚል ሰው የጄምስ ዋትን ነገር ያስታውስ። ዋት የእንፋሎት ሞተርን አልፈጠረም። ኒውኮመን የተባለው እንግሊዛዊ ከማዕድን ጉድጓድ ውሃ የሚስብ ሞተር ያቆመው በ1712 እ.ኤ.አ. ነው፣ ዋት ሳይወለድ። ዋት በ1763 የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ለትምህርት ማሳያ ያስቀመጠውን የኒውኮመን ሞተር ትንሽ ሞዴል ጠግን ተብሎ ተሰጠው። ጠገነው፤ ግን ሞዴሉ ትንሽ ዞሮ እንፋሎቱን ይጨርስ ነበር። ሲሊንደሩ በየምቱ በቀዝቃዛ ውሃ ስለሚበርድ የሚቀጥለው እንፋሎት ብዙውን ጉልበት ብረቱን መልሶ ለማሞቅ ያባክነዋል። በትልቁ ሞተር ላይ ብዙም ያልታየው ብክነት በትንሹ ላይ ፈጠጠ። በ1765 መፍትሔው መጣለት፤ እንፋሎቱን ከሲሊንደሩ አውጥቶ ለብቻው በሌላ ዕቃ ማቀዝቀዝ። (የአረቄ አውጪዋን ማጠራቀሚያ ያስታውሷል!) ሐሳቡን ለመሞከር ለሲሊንደርነት የተጠቀመበት ደግሞ የሐኪም የናስ ሲሪንጅ ነበር። ዓለምን ከለወጡት ማሽኖች አንዱ በተገኘው ዕቃ ተጀመረ ማለት ነው።

አሁን ወደ አንኮበር እንመለስ። አንኮበር በ1830ዎቹና በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መቀመጫ ነበረች። ከአውሮፓ የሚመጣው እንግዳ ሁሉ ዕቃ ይዞ ይመጣል፤ ንጉሡም ከዕቃው በላይ ዕቃውን የሚሠራ ሰው ይፈልጋሉ። ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር በ1839 ሲመጣ ካመጣው ገጸ በረከት አንዱ የባሩድ መፍጫ ነበር። የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆኖ በ1841 የመጣው ሻለቃ ሃሪስ ደግሞ አንድ የሚያስቆጭ ነገር ጽፎ አልፏል። ከባሕር ማዶ የመጣ ባለሙያ በውሃ የሚሠራ ወፍጮ አቁሞ ነበር፤ ካህናቱ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ስላወገዙት ቆመ። ወፍጮው ያስፈጨው ለጥቂት ቀን ብቻ ነው። ዛሬ በዚያው ሰሜን ሸዋ ያለ ባቡር ቤት የሚውል ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ያኔ ግን ሴቶቻችን ሌላ ብዙ ዓመት በእጅ ወፍጮ ላይ ሲጎነበሱ ኖሩ። ማን እንደ ተቃወመ ተጽፏል፤ እህሉን ይፈጩ የነበሩት ምን እንዳሉ የጠየቀ ግን አልነበረም።

እዚያው አንኮበር ዙሪያ ደግሞ ሌሎች ሰዎች ነበሩ። ሚሲዮናዊው ክራፕፍም ሃሪስም ስለ እነሱ ጽፈዋል፤ ጠይቦቹ። ብረት አቅልጠው ማረሻና ጦር የሚያወጡ፣ ሸክላ የሚሠሩ። ንጉሡ ሥራቸውን ይፈልጋሉ። ገበሬው ያለ እነሱ ማረሻ የለውም። ሆኖም አብሯቸው አይበላም፣ ልጁን አይድርላቸውም፤ ቡዳ ይላቸዋል፣ ማታ ጅብ ይሆናሉ ይላል። አሁን እስቲ ይህን ከላይ ካልነው ጋር አጋጥሙት። እንፋሎትን በጭቃ መርጋ በቱቦ የምትመራ ሴት አንድ ደጅ ላይ አለች። ብረትን በወናፍ የሚያቀልጥ ሰው ከዚያ ብዙ ሳይርቅ አለ። አዲስ ነገር የሚጓጓ ንጉሥ ተራራው ላይ አለ። ሦስቱ አንድ ገበታ ላይ ተቀምጠው አያውቁም።

ከሸዋ ወደ ጎንደርና ጣና ብንሻገር ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። አፄ ቴዎድሮስን የምናውቃቸው በሴባስቶፖል ነው፤ ጋፋት ላይ በ1867 እ.ኤ.አ. በተጣለው ትልቅ መድፍ። ከዚያ በፊት በ1866 ጣና ላይ የሠሩት ነገር ግን ብዙ አይወራለትም። ያን ጊዜ እስረኛ የነበረው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ እንደ ጻፈው፣ ንጉሡ የባቡር መርከብን መልክ የያዙ ትልልቅ ጀልባዎች አሠሩ። የተሠሩት የጣና ታንኳ ከሚሠራበት ከዚያው ከደንገል ነው። ከላይ የእንጨት ወለል፣ በጎን እንደ መርከቡ መቅዘፊያ ጎማ ተደረገላቸው። ምድጃና ጋን ግን አልነበራቸውም። ጎማውን እንዲያዞር የታሰበው በመዘውር የሚገፋ የሰው ክንድ ነበር።

አንዳንድ የውጭ ጸሐፊ ይህን ሲያነሳ በስላቅ ነው። እኛ አንሳለቅም። በአካባቢው ካለው ዕቃ፣ ከሣርና ከእንጨት፣ የማያውቁትን ማሽን ሞዴል መሥራት ሞኝነት አይደለም፤ ማንም ሞዴል ሠሪ የሚጀምረው ከመልኩ ነው። ደግሞም ንጉሡ የጎደላቸውን በደንብ ያውቁ ነበር። በዚያው ዓመት ሚስዮናዊውን ፍላድን ወደ እንግሊዝ ሲልኩ ከጠየቋቸው ባለሙያዎችና ዕቃዎች መካከል ለብረት ማቅለጫ የሚሆን ትንሽ የእንፋሎት ሞተር ይገኛል። ባለሙያዎቹ ከነዕቃቸው ምፅዋ ድረስ መጡ። እስረኞቹ ካልተፈቱ አያልፉም ተባለ፤ ንጉሡም ዕቃው ካልመጣ አልፈታም አሉ። ዕቃው ወደ መጣበት ተመለሰ። በ1868 እንግሊዞች ራሳቸው በጦር ሲመጡ ከዙላ ወደ ኩማይሊ ሐዲድ ዘርግተው፣ ከህንድ ባመጡት ባለእንፋሎት ባቡር ስንቅና ጥይት አመላለሱበት። መቅደላ ወድቃ ዘመቻው ሲያልቅ ትተውልን አልሄዱም። ንጉሡ የለመኑት ጉልበት ወደ አገራቸው የገባው እሳቸውን ለመጣል ነበር።

(ለነገሩ ቴዎድሮስ ያሰቡት ጀልባ ትንሹ ወንድም ዛሬም አለ። ቶማስ ፒዮ የተባለ ሰው በ1891 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር የፈጠራ መብት ያወጣበት መጫወቻ ነው። የቆርቆሮ ጀልባ፣ ውስጧ ሻማ፣ ከሻማው በላይ ጠፍጣፋ ጋን፣ ከጋኑ ወደ ኋላ የሚወጡ ሁለት ቀጭን ቱቦዎች። ውሃው ሲፈላ ይተፋል፣ ሲበርድ መልሶ ይምጋል፤ ሳፋ ላይ ቱክ ቱክ እያለች ትሄዳለች። ፒስተንም ጎማም የላትም።)

ምኒልክ ዕድለኛ ነበሩ፤ ሰው አገኙ። ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በ1879 እ.ኤ.አ. አንኮበር ሲገባ ሃያ አምስት ዓመት አልሞላውም ነበር፤ ማለትም ይህን ከምንጽፈው ከእኛ የማይበልጥ ልጅ። ንጉሡ መጀመሪያ ጫማ ሥራልኝ እንዳሉት፣ ሠርቶ ሲሰጣቸው ጠመንጃ እንዳሉት ይተረካል። ስለ ባቡር ሊያስረዳቸውም ሞዴል ሠርቶ አሳያቸው ይባላል። በ1894 የባቡሩ ውል ለእሱ ተሰጠ፤ ሐዲዱ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። አዲስ አበባ ግን ባቡሩ ከመድረሱ ከዓመታት በፊት ሌላ ባቡር አይታ ነበር። አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ያመጣው ባለእንፋሎት የመንገድ መዳመጫ «የሰርኪስ ባቡር» ይባል ነበር። አሁንም ቃሉን ልብ በሉ፤ ሐዲድ የሌለው ባቡር።

የምኒልክን ነገር በኢልግና በሐዲዱ ብቻ መጨረስ የተለመደ ነው። እኛን ይበልጥ የሚገርመን በ1900 ዓ.ም. ያወጁት አዋጅ ነው። ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ ሰው እንዲታሰር ያዛል። ቀጥቃጩን ጠይብ እያሉ፣ ሸማኔውንም ፋቂውንም ሌላውንም በየስሙ ማዋረድ ይቁም ነው ነገሩ። ምክንያቱን ሲሰጡ ወደ አውሮፓ ያመለክታሉ፤ እዚያ መድፍና ባቡር የሚሠራ ሰው መሐንዲስ ተብሎ ይከበራል፣ ረዳት ይጨመርለታል እንጂ አይሰደብም ይላሉ። እናንተ በስድባችሁ አገሬን ማረሻ የሚሠራ ሰው ልታሳጧት ነው የሚል ቁጣም አለበት። ምኒልክ ባቡርንና ጠይብን በአንድ አዋጅ ውስጥ ያስገቡት ሳያስቡት አይመስለንም። የተወለዱት አንጎለላ ነው፣ አንኮበርን እንደ እጃቸው ያውቃሉ። የጎደለው ዕቃ ሳይሆን ያ ገበታ መሆኑን አይተዋል።

አዋጁ ስድቡን አጠፋው? አላጠፋውም። ከተማዋን ለመሥራት ከመጡት ባለሙያዎች ብዙዎቹ፣ አብዛኞቹ ከሰሜን ሸዋ የመነጩ፣ ቀጨኔ ሰፈሩ። የቀጨኔ ሸክላ በየቤታችን አለ። ጀበናውን ወደን፣ የሠራችውን ሴት ፈርተን ስንት ዘመን ኖርን። ከመካከላችን ልጅ ሳለን «ሸክላ ሠሪ ቤት ውሃ አትጠጡ» ያልተባልን ሁለት ብቻ ነን።

ሦስቱ ወገኖች በእርግጥ አብረው የሠሩበትን ቦታ ጥሩ ብንባል ድሬዳዋን እንጠራለን፤ የባቡሩን ጋራዥ። ባቡሩ መለዋወጫ እስኪመጣለት አይጠብቅም ነበር። የጎደለው እዚያው ይቀልጣል፣ እዚያው በቶርኖ ይቀረጻል። ቀጥቃጭ ተብሎ የሚሰደብ ሙያ እዚያ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ፣ ደመወዝተኛ፣ ባለ ቱታ «ሸሚንደፈር» ሆነ። ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንፋሎቱ ለናፍጣ ቦታውን ለቀቀ፤ የእጁ ሙያ ግን አልቀረም።

ከዚህ በኋላ ያለው የእኛ የጋዜጠኞቹ ኃጢአት ነው። አንድ የገጠር ልጅ ከጣሳና ከሽቦ የሚንቀሳቀስ ነገር ሲሠራ ካሜራ ይዘን እንሄዳለን። «ምንም ትምህርት ሳይኖረው» እንላለን፣ ከበስተጀርባ ዋሽንት እናስገባለን፣ «የሚመለከተው አካል ትኩረት ይስጠው» ብለን እንመለሳለን። እንዴት ነው የሚሠራው ብሎ የጠየቀ ሪፖርተር እስካሁን አላየንም። ልጁ ቫልቩን እንዴት እንደ ፈታው፣ ስንት ጊዜ እንደ ፈነዳበት፣ አጎቱ ብየዳ ቤት ይሠራ እንደሆነ። ተአምር እናደርገዋለን፤ ተአምር ደግሞ አይማሩትም። ቡዳ ማለትና ተአምረኛ ማለት ሩቅ ለሩቅ ይመስላሉ እንጂ ሁለቱም ሰውየውን ከገበታው ያርቁታል።

ስለዚህ ቢያንስ እኛ እንዴት እንደሚሠራ እንናገር። ቀላሉ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የእስክንድርያው ሄሮን የገለጸው ነው። የለስላሳ ቆርቆሮ ውሰዱ። ሳይከፈት፣ ከጎኑ ከአንገቱ ሥር በሚስማር ሁለት ቀዳዳ ትይዩ ብሱ። ሚስማሩን ሳታወጡ ወደ አንድ ዙር አቅጣጫ ጠምዝዙት፤ ሁለቱም ቀዳዳዎች በአንድ አዙሪት እንዲተነፍሱ። መጠጡን አፍስሱና ጥቂት ውሃ አስገቡ፤ በመክፈቻው ጆሮ በክር አንጠልጥላችሁ ከሥሩ ኩራዝ ለኩሱ። ሲፈላ ይሽከረከራል። ቀዳዳዎቹ ክፍት ስለሆኑ እንፋሎቱ አይታመቅም፤ አይፈነዳም። ቀዳዳ የሌለው የተደፈነ ጣሳ እሳት ላይ ማስቀመጥ ግን ቦምብ መሥራት ነው፤ አንድ ሊትር ውሃ ከ1,600 ሊትር በላይ እንፋሎት ይወጣዋል።

እውነተኛ ፒስተን የሚፈልግ ምናለሽ ተራ ይውረድ፣ ወይም የሰፈሩን ቁራሌው ይጥራ። ለጋኑ ወፍራም የናስ ወይም የመዳብ ዕቃ፤ ለመስመሩ የፍሪጅ ቱቦ፤ ለጎማው ከአሮጌ ቴፕ ሪከርደር የሚወጣው ከባዱ ክብ ብረት፤ ለማጣበቂያ የሬዲዮ ጠጋኙ ካውያና ስታኞ። የመስታወት ሲሪንጅ ቢገኝ ሲሊንደሩም ፒስተኑም ተገኘ፤ የፕላስቲኩ በእንፋሎት ይለሰልሳል። ቫልቭ አያስፈልግም። ሲሊንደሩ ራሱ በአንድ ብሎን ላይ እንዲወዛወዝ ይደረጋል። ጎኑ ላይ አንድ ቀዳዳ አለው፤ የተደገፈበት ሳህን ላይ ሁለት። ጎማው ሲዞር ሲሊንደሩ ወደ ግራ ሲያዘነብል ቀዳዳው ከጋኑ መስመር ጋር ይገጥምና እንፋሎት ገብቶ ፒስተኑን ይገፋል፤ ወደ ቀኝ ሲያዘነብል ከማስወጫው ጋር ይገጥምና ይተነፍሳል። በመካከል ያለውን ባዶ ግማሽ ዙር የሚጨርሰው የጎማው ክብደት ነው። ጋኑ ላይ በእስክሪብቶ ስፕሪንግ የተጫነ ማስተንፈሻ ሳይደረግ እሳት አይለኮስም። አረቄ አውጪዋ ይህን ታውቀዋለች፤ የእሷ ማስተንፈሻ የሚሰነጠቀው ጭቃ ነው።

ለለሚና ለደብረ ብርሃን ልጆች አንድ ነገር እንጨምር። በደብረ ብርሃን ከፍታ፣ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ ውሃ በክፍት ድስት የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሽሮው ቶሎ የማይበስለው ለዚህ ነው። ሞተሩን ግን አይጎዳውም፤ የውጭው አየር ስለሚሳሳ ፒስተኑን ወደ ኋላ የሚገፋው ጫና ይቀንሳል። እሳቱ ብቻ ነፋስ እንዳያገኘው ከለል አድርጉለት፤ ደጋ ላይ ኩራዝ ደጅ አይቆምም።